ቁጥር አርባ አንድ፣ ሦስት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ

ሰኞ፣ ጥር 6

ተጀመረ። ዘንድሮ ሁለት መቶ አሥራ አራት ዘፈን መጥቷል። አምና መቶ ስልሳ ነበር። ከእነዚህ መሀል አንዱ አገራችንን ወክሎ ባሕር ማዶ ይሄድና ከሌሎች አገሮች ዘፈኖች ጋር ይወዳደራል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ስለ አንዱ ነው። የቀሩት ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ የሚያሳስቡት እኔን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራዬ አጭር ነው፤ መለካት። ከሦስት ደቂቃ ያለፈ ዘፈን ይወድቃል። ዳኞቹ ዘጠኝ ናቸው፤ የሚሰሙት ቁጥር የተሰጠው ድምፅ ብቻ ነው። የዘፋኙ ስምና ፎርም በታሸገ ፖስታ ሆኖ ሰብሳቢያችን ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። ዳኞቹ ጋ ለመድረስ ግን ሁሉም በኔ ጠረጴዛ ያልፋል። ስንት ስመ ጥር ሰው በሁለት ሰከንድ እዚህ ቀርቷል! ባልደረቦቼ "ሰከንዷ" ይሉኛል። እንድሰማቸው ጮክ ብለው ነው የሚሉት። ይበሉ።

የልኬት ደንቡን የጻፍኩትም እኔው ነኝ። አንቀጽ አራት፦ ልኬት የሚጀምረው ከመጀመሪያው የዜማ ድምፅ ነው፤ ጉሮሮ መጥረግ፣ ወንበር መጎተት፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ማለት አይቆጠርም። ስድስት ዓመት ተሠርቶበት አንድ ቅሬታ አልቀረበበትም።

ማታ እናቴ ስንት ዘፈን እንደመጣ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "አቤት ብዛቱ" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ሰሞኑን ስለ ሥራዬ መጠየቅ አብዝታለች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ጨዋታ አምሯት ይሆናል።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ሠላሳ ዘጠኝ ደረስኩ። አራት ወደቁ። አንዱ ሰባት ደቂቃ ነው፤ መሀል ላይ ስልክ ያነሳና "ቆይ እየዘፈንኩ ነው" ይላል። ጆሮዬ ጋለ። ልተኛ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ቁጥር አርባ አንድን ከፈትኩ። መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከዚያ የሴት ድምፅ ለራሷ "በይ እንግዲህ" ትላለች። ይህን ሳል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ከሥራ ስትመለስ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን የሚወጣው እሱ ነበር። እናቴ ናት።

ዘፈኑ ስለ አንሶላ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የሆስፒታል ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ስለ ምን ልትዘፍን ኖሯል! ድምፁም የማጠቢያ ማሽኖቹን ጩኸት አልፎ ለመሰማት የተገራ ድምፅ ነው፤ ከጆሮ ማዳመጫው ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

"አንተ ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ የዋልከው፣
ቤቱ ገባ ወይ ያ ትናንት ያለበስከው?"

ሲያልቅ ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ። መዝገቡ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ 41፣ 3፡04፣ ወድቋል። ሌላ ሰው ቢሆን ለእናቱ ብሎ አራት ሰከንድ ይውጥ ነበር። እኔ አልዋጥኩም። ይህ እዚህ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ለማንም አላደላሁም።

ቅልል ብሎኝ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። ሕሊና ንጹህ ሲሆን እንዲህ ነው። መንገድ ላይ ጃንጥላ ገዛሁላት። የድሮው ሽቦው ወጥቶ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ስልኳን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ነው የምትውለው። ዛሬ ሲጮህ እጇን ሳታደርቅ ሮጠች። የተሳሳተ ቁጥር ነበር። ከማታውቀው ሰው ጋር አምስት ደቂቃ አወራች፤ ሰውየው ልጁን ሊድር ነው አሉ፣ መርቃው ዘጋች። በጣም ደስ ብሏታል። ምን ደስ እንዳሰኛት አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ሁለታችንም ዓይናችንን በጨው አጥበን ቁጭ ብለናል።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ምሳ ላይ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ "ዘንድሮ አያቶችም ልከዋል አሉ፤ መድረክ ላይ ምርኩዝ ማስቀመጫ ይሠራ" አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እንጃ። ቀልዱ ደህና ነበር መሰለኝ።

ለእናቴ ጫማ ገዛሁላት። ቅናሽ ነበረው።

ዓርብ፣ ጥር 17

ልኬቱ አለቀ። ሃያ ሦስት ወደቁ፣ መቶ ዘጠና አንድ አለፉ። ዳኞቹ ጥር 27 መስማት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ምንም ዘፈን መግባት አይችልም።

እራት ላይ እናቴ ሰሃኑን እያየች፣ ላለፉ ሰዎች የሚደወለው በስልክ ነው ወይስ ደብዳቤ ይላካል ብላ ጠየቀችኝ። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት ለጎረቤታችን ልጅ ነው አለች። የጎረቤታችን ልጅ እኮ ደህና ዋልክ ሲሉት እንኳ አፉን የማይከፍት ልጅ ነው! በስልክ ነው አልኳት። ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ድምፁ ከፍ ማለቱን አየች፣ መልሳ ከተተችው። ተነስቼ ሰሃኖቹን ማንሳት ጀመርኩ። ገና በልተን አልጨረስንም ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 20

ፔርሙስ ገዛሁላት። እናቴ አገላብጣ አየችውና "ደሞዝ ጨመሩልሽ እንዴ?" አለች።

ረቡዕ፣ ጥር 22

ጉድ ፈላ።

ዘፈኖቹን ለማኅደር የሚያዘጋጀው የድምፅ ባለሙያችን ነው። "ጆሮ" እንለዋለን፤ በሁለት ግድግዳ በኩል የቧንቧ ጠብታ ይሰማል። ሻይ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከወደቁት ሁሉ አንዷ አሳዘነችኝ አለ፤ አንሶላዋ ሴትዮ። መግቢያው ላይ ያለውን ሳልና ወሬ ቆርጬ ብለካው ሁለት ከሃምሳ ስድስት ነው የሚመጣው፣ አንቺ ሦስት ከአራት ከየት አገኘሽው አለኝ። በክፋት አይደለም። ከልቡ ግራ ገብቶት ነው።

አየዋለሁ አልኩት። ሲሄድ በሩን ዘግቼ ሰማሁት። ሦስት ጊዜ። ሁለት ከሃምሳ ስድስት፣ ሁለት ከሃምሳ ስድስት፣ ሁለት ከሃምሳ ስድስት።

ሳሉን ቆጥሬዋለሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ "በይ እንግዲህ"፤ ስምንት ሰከንድ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ዘፈን ስለካ አንድም ሳል አልቆጠርኩም። የእናቴን ቆጠርኩ። ሳሏን እንደሰማሁ አውራ ጣቴ ሰዓቱን ተጭኖታል። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ!

ሐሙስ፣ ጥር 23

አልተናገርኩም። ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ነበሩ።

አልነበሩም። ቢሯቸው ክፍት ነበር፤ ብርቱካን ሲልጡ አይቻቸዋለሁ። ሁለት ጊዜ በበራቸው አለፍኩ። በሦስተኛው "ምን ጠፋሽ?" አሉኝ። ወረቀት አልኩ፤ ወረቀት ሰጡኝ።

ዓርብ፣ ጥር 24

ተናገርኩ።

ጠዋት ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ ገባሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ አፌን ስከፍት የወጣው "አርባ አንድ እናቴ ናት፣ ሳሏን ቆጠርኩባት" የሚል ብቻ ሆነ። ሰውየው ቁጭ አሉ። እንደገና እንድናገር ጠየቁኝ፤ እንደገና ተናገርኩ። ሕጉ ግልጽ ነው። የሠራተኛ ዘመድ ፎርሙ ላይ ካሳወቀ መወዳደር ይችላል፣ ያ ሠራተኛ ግን ዘፈኑን መንካት አይችልም። እኔ ደግሞ ሳሏን እንደሰማሁ ሰዓቱን አስቀምጬ ሰው መጥራት ነበረብኝ።

ካዝናውን ከፍተው ፖስታዋን አወጡ። ፎርሙ ላይ "በድርጅቱ ውስጥ ዘመድ አለዎት?" የሚል ጥያቄ አለ። እናቴ በዚያ ትልልቅ ፊደሏ "አዎ፣ ልጄ። ጥብቅ ናት፤ እንዳትነግሯት" ብላ ጽፋለች። ሰብሳቢው አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ከዚያ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። እኔ ውሃ ሆንኩ።

ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ቀልድ አልነበረም። ጆሮ የወደቁትን ሃያ ሦስቱንም ዛሬውኑ እንደገና እንዲለካ አዘዙ። የተሳሳተው አንድ ብቻ ነው፤ አርባ አንድ። እሷ አልፋለች። ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ በፍጻሜው ቀንም ሰዓት አልይዝም፣ ጆሮ ይይዛል። የሚገባኝ ነው። እኔ ብሆን ከዚህ የባሰ እቀጣ ነበር።

አላደላሁም ብዬ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌ ነበር። አሁን መለስ ብዬ ሳነበው አፈርኩ። አድልቼ ኖሯል፤ በእሷ ላይ። ያን ቀን ቅልል ያለኝ ሕሊናዬ ንጹህ ሆኖ አይደለም። እናቴ መድረክ ላይ ወጥታ፣ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ስትስቅ፣ እኔ የት እንደምገባ ጨንቆኝ ስለነበር ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ለእናቴ ነገርኳት። ልብስ እያጠፍን ነበር። አንሶላውን እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን። የጣልኩሽ እኔ ነኝ አልኳት። ሳሉን፣ ሰዓቱን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። እሷ አጣጥፋ ጫፉን ልትሰጠኝ ስትመጣ ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም።

"ጃንጥላ ስትገዢልኝ ጠረጠርኩ" አለች። "ጫማው ሲደገም ወደቅኩ አልኩ። ፔርሙሱ ሲመጣ ደግሞ እንኳን ወደቅኩ አልኩ፤ ሌላ ሳምንት ብትቆዪ ፍሪጅ ትገዢልኝ ነበር።"

በሳቅ ፈረሰች። አንሶላው ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ እንደገና ልናጥበው ሆነ። ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። ብነግርሽ ትከለክይኝ ነበር አለች። አልከለክልሽም ነበር ብዬ ልምል ስል ቀና ብላ አየችኝ፤ አልማልኩም። ቀጥላ የነገረችኝን እስካሁን እያሰብኩት ነው። ያቺን ዜማ ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራ ላይ እያንጎራጎረች ነው የሠራቻት። አንድ ታማሚ ድኖ ሲወጣ አንዲት መስመር ትጨምራለች። አልድን ላለው አትጨምርም። ለዚህ ነው ዘፈኗ በቀስታ ያደገችው አለች፤ ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

አሥር ውስጥ ገባች! ዳኞቹ ማን እንደሆነች ሳያውቁ መርጠዋት! ስልኩ ሲጮህ እኔ ቢሮ ነበርኩ፣ እሷ ደግሞ መታጠቢያ ቤት። ጎረቤታችን እንዳለችው ጩኸቱ አራተኛ ፎቅ ተሰምቷል። ማታ ስገባ የጎረቤታችን ልጅ ደረጃው ላይ አገኘኝና "እንኳን ደስ አላችሁ" አለኝ። ያ ልጅ! አፉን ከፈተ!

ዓርብ፣ የካቲት 8

ልምምድ። የገባሁት የእሷ ልጅ ሆኜ እንጂ ሠራተኛ ሆኜ አይደለም፤ ሰብሳቢው በር ላይ ባጄን አስወልቀውኛል። የሙዚቃ ባንዱ ስምንት ወጣት ነው። እናቴ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሁሉንም የጀርባ ሕመም አወቀች። ከበሮ መቺውን "ልጄ፣ አንሶላ እያሰጣህ ነው እንጂ ምንጣፍ እያራገፍክ አይደለም" አለችው፤ ልጁም ገባው፣ ምቱን አለሰለሰ። ዘፈኑ ተለወጠ።

ከአሥሩ አንዱ ወጣት በያጅ ነው። በቀን ወርክሾፕ ውሎ ማታ ይመጣል፤ እጁ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ። ዘፈኑ እግር ያስነሳል። እናቴ ከመድረክ ጀርባ ቆማ በሁለተኛ ድምፅ ስትከተለው ሰማሁ። እሱም ሰምቷታል፤ አልዞረም፣ ግን ድምፁ ደፈር አለ።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ሥራ ላይ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ "አያቲቱ ቀላል አይደለችም አሉ" አለችኝ። አዎ፣ ቀላል አይደለችም አልኩ። ማን እንደሆነች አልነገርኳትም። ለምን አልነገርኳትም? ቸኩዬ ነበር።

አልቸኮልኩም።

እሑድ፣ የካቲት 17

ትናንት ፍጻሜው ነበር። ሳልረሳ ሁሉንም ልጻፍ።

ስምንተኛ ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ላይ ሰዓት አልነበረም፤ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። አጠገቤ ከባሏ ጋር የመጣች ሴት ነበረች፤ ከረሜላ ሰጠችኝ፣ ደግ ሴት ናት። እናቴ አምስተኛ ወጣች። ራሷ የሰፋችው አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ መድረኩ ሰፍቷት፣ ቀስ ብላ መሀል ደረሰች። አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ። ሴትዮዋ ወደ ባሏ ዘንበል ብላ "ይቺ ደግሞ የማን እናት ናት?" አለች። ባልየው ሳቀ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ሙሉ ዝም አልኩ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ሳለ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነበር። እናቴ ከሥራ በቀጥታ መጣች፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ እጇ በሳሙና ተላልጦ። መምህሩ ከወላጅ የሚዘፍን አለ ወይ ሲሉ ማንም ሳያነሳ እሷ እጇን አነሳች። ዘፈነች። በዚያ ድምፅ! ልጆቹ ሳቁ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ማናት ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ተከራያችን ናት አልኳት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እዚህም ጽፌው አላውቅም።

ባንዱ ዝቅ አለና እናቴ ብቻዋን ቀረች። "ቤቱ ገባ ወይ ያ" ስትል አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ።

"የኔ" አልኳት። "የኔ እናት ናት።"

በቀስታ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ድምፄ የእናቴ ድምፅ ነው፤ ሦስት ረድፍ ዞሮ አየኝ። ሴትዮዋ ከረሜላዋን ሳትውጥ አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ እጄን ያዘች፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልለቀቀችኝም። ሲያልቅ ሁላችንም ቆመን ነበር። ማን ቀድሞ እንደቆመ አላውቅም። ድምፅ መስጫው ሲከፈት ሴትዮዋ ስልኳን ባሏ እጅ ላይ አስቀምጣ ለአምስት ቁጥር ላክ አለችው። ባልየው ላከ።

ውጤት፦ በያጁ አንደኛ። እናቴ በሁለት ነጥብ ሁለተኛ። ሁለት! ለአንድ አፍታ እኔ ባላዘገያት ኖሮ ብዬ አሰብኩ፣ ግን ልምምዱን ሁሉም እኩል ነው የጀመረው፤ ጆሮን ጠይቄ አረጋገጥኩ። እውነቱን ለመናገር የልጁ ዘፈን ያምራል። አገር መርጦታል፣ መረጠው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

መልበሻ ክፍል ስደርስ እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታለች፤ የሳቋ ድምፅ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። በያጁ አበባውን እንደታቀፈ ፊቷ ቆሟል። የዓለም አቀፉ ውድድር ሕግ መድረክ ላይ እስከ ስድስት ሰው ይፈቅዳል፤ እሱ ጋ አምስት ናቸው። "እማማ፣ ከኋላዬ ይቁሙልኝ። እርስዎ ካልቆሙ እዚያ ድምፄ ይጠፋል" አላት። እናቴ ሦስት ነገር ጠየቀችው። ብርድ አለው ወይ? ለስንት ሰዓት ነው የሚቆመው? ልጄስ ማየት ትችላለች? ሦስቱንም መለሰላት። አበባውን ተቀበለችውና፣ በል ውሃ ጠጣ፣ ከነገ ጀምሮ ልምምድ ነው አለችው። እናቴ ባሕር ማዶ ልትሄድ ነው! አሁንም ስጽፈው ማመን አቅቶኛል።

ታክሲ ውስጥ አበባው መሀላችን ተቀምጦ፣ ስምንተኛ ረድፍ ላይ የሆነውን ነገርኳት። ከዚያ አንዴ ከጀመርኩ ብዬ የትምህርት ቤቱንም ነገርኳት። ተከራያችን ናት ብዬ ነበር አልኳት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

እናቴ አበባውን ወደ ጭኗ ሳበችው።

"ሰምቻለሁ እኮ ያኔ" አለች። "ሠላሳ ዓመት ኪራይ ሳትጠይቂኝ አኖርሽኝ፤ ምን ይከፋኛል?"

ሹፌሩ መሪውን ይዞ ሳቀ። እኔ እያለቀስኩ ሳቅኩ። እሷ ግን ሁለታችንንም ትታ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ከነገ ጀምሮ የምትዘፍነውን የበያጁን ዘፈን በሁለተኛ ድምፅ ጀመረች።